ስንቋን የሚሸከምላት ልጅ

መስከረም ሲጠባ በወሎ የምትገኘው ደጎሎ ከተማ ቤት በሚፈልግ ተማሪ ትሞላለች። ከከለላ ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ከወላጅ ርቀው ክፍል መከራየት ግድ ይሆንባቸዋል። አባት ፍራሹን በአህያ ጭኖ ያመጣል። እናት ድስት፣ ጀሪካንና ማንደጃ ታስይዛለች። ሦስት አራት ሴት ልጆች ገንዘብ አዋጥተው አንዲት የጭቃ ክፍል ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ ኑሯቸው በሳምንት ይዞራል፤ አርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰብ፣ እሑድ በሶና ቆሎ፣ ዳቦና ቂጣ ተሸክመው ወደ ከተማ። መካነ ሰላምም ሆነ ወግዲ ኑሮው ያው ነው። እኔም የተማርኩት እንዲሁ ነው። ዛሬ በዚሁ አካባቢ መምህርት ነኝ፤ የሴት ተማሪዎችን ክበብም አስተባብራለሁ።

የምጽፈው ወላጆች በሌሉባት በዚያች ክፍል ዙሪያ ስለሚሆነው ነገር ነው። ገና አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ የፍቅር ጓደኛ ትይዛለች፤ ፍቅሩ ቀስ እያለ ወደ ቁጥጥር፣ ከቁጥጥር ወደ ዛቻ፣ ከዛቻ ወደ ጥፊና ከዚያም ወደከፋ ነገር ይሄዳል። ይህን የነገሩኝን ልጆች ማንም እንዳይለያቸው የብዙዎቹን ነገር አንድ ላይ አድርጌ አቀርበዋለሁ።

ጅማሬው ሁልጊዜ ደግነት ነው። እሑድ ከሰዓት ዳገቱን ስትወጣ ስንቋን የሚሸከምላት ልጅ ይመጣል። አንዳንዴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከእሷ በአምስትና በስድስት ዓመት የሚበልጥ፣ ባጃጅ የሚነዳ ወይም ሱቅ የሚሠራ ወጣት ነው። የስልክ ካርድ ይሞላላታል። የቤት ኪራይ ሲጎድል ይከፍልላታል። ከቤት ውጭ ስታድር ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሌሊት ጅብ ሲጮህ እንኳ የምትጠራው አዋቂ የላትም። እንዲህ ላለች ልጅ የሚያስብላት ሰው መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ይህን የማይረዳ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውንም አይረዳም። ልጅቷን “ምን ፈልጋ ገባችበት?” ብሎ መጠየቅ የሚቀለው ያንን ዳገት ስንቅ ተሸክሞ ላልወጣ ሰው ነው።

ወጣቶች መዋደዳቸውን ልኮንን አልተነሣሁም። ወሎ ውስጥ የወጣት ፍቅር ትናንት የመጣ አይደለም። አያቶቻችን የከንፈር ወዳጅ ነበራቸው። ልጃገረድና ጎረምሳ ሳይጋቡ ይወዳጁ፣ ይጨዋወቱ፣ ይሳሳሙ ነበር፤ ከዚያ ማለፍ ግን ነውር ነበር። ያንን ዘመን ማሳመር አልፈልግም። ጠለፋም፣ ልጅን በልጅነቷ መዳርም የነበረበት ዘመን ነው። ነገር ግን በዚያ ልማድ ውስጥ ዛሬ የጠፋብንን አንድ ነገር አያለሁ። ማን የማን ወዳጅ እንደሆነ እኩዮቻቸው ያውቁት ነበር። ጎረምሳው ድንበር ቢያልፍ በጓደኞቹ ፊት ያፍር ነበር፣ ልጅቷም ጓደኞቿ ዘንድ የምታወራበት ቦታ ነበራት። የዛሬዋ ተከራይ ተማሪ ፍቅሯን ከአባቷ፣ ከወንድሟ፣ ከአከራይዋ፣ ከመምህሯ ትደብቃለች። ጥቃት የሚፈጽም ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ አመቺ ነገር አያገኝም።

ለመሆኑ ጥቃቱ በምን ይታወቃል? ዱላን ማንም ያውቀዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዱላው በፊት ያለው ረጅም ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ልጅቷ ራሷ “በጣም ስለሚወደኝ ነው” ትላለች።

በመጀመሪያ ስልኩ ነው። ስልኩን ብዙ ጊዜ የሰጠቻት አረብ አገር ያለች እህቷ ናት፤ ሳዑዲ ሰው ቤት እየሠራች “ትምህርትሽን ተማሪበት” ብላ የላከችው ነው። ልጁ የመክፈቻ ቁጥሩን ይጠይቃል። ብትከለክለው “የምትደብቂው ነገር አለሽ ማለት ነው” ይላል። ቁጥሩን ከሰጠችው በኋላ ማን ደወለ፣ ቴሌግራም ላይ ማን ጻፈላት፣ ለምን መለሰች እያለ ይጠይቃታል። ስትደውልለት ቶሎ ካላነሣ ችግር የለም፤ እሱ ደውሎ ሁለቴ ጠርቶ ካላነሣች ግን ሌሊቱን ሙሉ ጭቅጭቅ ነው። ክፍል ውስጥ መሆኗን በፎቶ እንድታረጋግጥለት የሚያስገድድም አለ።

ቀጥሎ ሰዎቹን ከዙሪያዋ ያርቃቸዋል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ከወንድ ጋር በአንድ ቡድን መሥራት ይቀራል። ከዚያ የክፍል ጓደኞቿ “መጥፎ ምክር የሚመክሩሽ” ይሆናሉ። ከዚያ ክበቡ ይቀራል፤ ከክበባችን ያለ ምክንያት የሚጠፉ ልጆችን ስም መዝግቤ የምከታተለው በዚህ ምክንያት ነው። በመጨረሻ አርብ ወደ ቤተሰብ መሄድም ይቀራል፤ ለእናቷ “ፈተና አለብን” ይባላል። እናትየው ስንቁን በሰው ትልካለች። ልጅቷ ሁለት ወር እናቷን ሳታይ ስትከርም ማንም ልብ አይልም፤ ሰው የሚያየው ጎበዝ ተማሪ መሆኗን ነው።

ገንዘቡም ይቆጠራል። መጀመሪያ በስጦታ የተሰጠው ካርድና ኪራይ በኋላ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። “ይህን ሁሉ አውጥቼብሽ” የሚል ንግግር ሲጀመር፣ ልጅቷ በገንዘብ ልትመልሰው የማትችለውን ነገር በሌላ መንገድ እንድትመልስ እየተጠየቀች ነው። ይህን ለሴት ተማሪዎቼ ሁሉ በግልጽ እነግራቸዋለሁ፦ የተሰጠሽ ካርድም ሆነ ኪራይ በሰውነትሽ ላይ መብት አይሰጠውም።

ከዚያ የመጀመሪያው ጥፊ። ከጥፊው በኋላ ለቅሶ፣ ይቅርታ፣ አዲስ ሻርፕ ወይም ጫማ። “አንቺ ስላናደድሽኝ ነው” ይላል፤ ይቅርታው ውስጥም ጥፋቱ የእሷ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ከመጀመሪያው ቀን የበለጠ ደግ ይሆናል። ደግነቱ ልጅቷን ያሳምናታል። ቀጣዩ ግን ከቀደመው ይከፋል። “ከተውሽኝ ራሴን አጠፋለሁ” የሚልም አለ፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሰው ሕይወት በእጇ ላይ እንዳለ አምና ትቀመጣለች። ይህ ልመና ይምሰል እንጂ ዛቻ ነው። በእውነት ለሕይወቱ የሚያሰጋ ከሆነ ለቤተሰቡ ወይም ለጤና ባለሙያ ይነገራል፤ እሱን በሕይወት የማቆየት ሸክም የእሷ አይደለም።

በዚህ ጊዜ ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያስተውላቸው ነገሮች አሉ። ውጤቷ ይወድቃል። በሙቀት ረጅም እጅጌ ትለብሳለች። ስልኳ ሲጮህ ትደነግጣለች። ወደ ቤቷ የምትሄድበትን መንገድ ትቀይራለች፤ ደወል ከተደወለ በኋላ ከግቢ ለመውጣት ትዘገያለች። አንዱ ብቻውን ላይገልጽ ይችላል፤ ሦስቱ አራቱ ሲገጣጠሙ ግን ጠጋ ብሎ ማነጋገር ይገባል።

ይህ የእኛ አካባቢ ጉድ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ክረምት ባወጣው ትንተና፣ የፍቅር ወይም የትዳር ጓደኛ ኖሯቸው ከሚያውቁ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሴቶች ውስጥ 24 በመቶው፣ ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጉት ማለት ነው፣ ከዚያው ጓደኛቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አገራችን ላይ የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሌላ ነገር ያሳያል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 63 በመቶ የሚሆኑት ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል፤ ከወንዶች እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ናቸው። ሴቶቹ ከወንዶቹ በልጠው መገኘታቸው ብዙ አሳስቦኛል። ወጥ አሳረርሽ ተብላ እናቷ ስትመታ እያየች ያደገች ልጅ የጓደኛዋን ጥፊ ከየት አውጥታ ጥቃት ትበለው? ጥቃት መሆኑን አስቀድሞ የነገራት ሰው የለም።

ካወቀች በኋላስ ለምን አትናገርም? እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከልጁ ወደ እኛ የሚዞረው።

ብትናገር መጀመሪያ የሚቆመው ትምህርቷ ነው። አባት “ከተማ ያበላሻታል” ብሎ ፍራሹን በመጣበት አህያ ጭኖ ይመልሰዋል። ከዚያ ስሟ ሳይጠፋ ለአንድ ሰው መዳር ነው፤ ወይም ፓስፖርት አውጥታ እህቷ ወዳለችበት መሄድ። የመታት ልጅ በክፍሉ ተቀምጦ ይማራል ወይም ባጃጁን ይነዳል፣ የተመታችው ከትምህርት ትወጣለች። ልጆቹ ይህን ያውቃሉ። ዛቻውን የሚያስፈራ የሚያደርገው ይኸው ነው፦ “ለአባትሽ እነግራለሁ” ይላታል። ራሱ የሠራውን ጥፋት ለአባቷ ሊናገር ያስፈራራታል፤ ይሠራለታልም! ምክንያቱም የሚቀጣው ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ወንድም ነው። ወንድሟ ቢሰማ መሣሪያ እንደሚያነሣ ታውቃለች። አገሩ ደም የሚመላለሱበት አገር ነው። ልጁ ቢሞት ወንድሟ ይታሰራል፣ ወይም የሟች ወገን ይገድለዋል፣ አባቷ አገር ለቅቆ ይሰደዳል። ስለዚህ ዝም የምትለው ልጁን ለማዳን ሳይሆን ወንድሟን ለማዳን ነው። “ቲቸር፣ እኔ ብችለው ይሻላል” ትላለች። ይህን ቃል ከአንድ በላይ ከሆኑ ልጆች ሰምቻለሁ። ለእህቱ ክብር የሚቆረቆር ወንድም ቁጣው አፏን እንደሚዘጋ ቢያውቅ ምናልባት ሌላ ዓይነት ወንድም ለመሆን ያስብ ነበር።

ከዛቻዎች ሁሉ እኛ አገር አሮጌውና ከባዱ “እጠልፍሻለሁ” የሚለው ነው። ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ እሑድ ከአገር ቤት በምትመለስበት ሰዋራ መንገድ ላይ ጠብቆ። እምቢ ያለችን ልጅ ወስደው ከደፈሩ በኋላ ሽማግሌ መላክ ረጅም ዘመን የጋብቻ መንገድ ተደርጎ ኖሯል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ትቶለት ነበር። በ1980ዎቹ መገባደጃ አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈችው የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ በእጇ በገባ ጠመንጃ ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ ቀረበች። ጠበቃ ሆኖ የቆመላት በመዓዛ አሸናፊ መሪነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል የፈጸመችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። “ድፍረት” የተባለው ፊልም በ2006 ዓ.ም. ያሳየን ይህንኑ ነው። ክበባችን ውስጥ ስለ ፊልሙ ስንነጋገር አንዲት ልጅ “ጠመንጃ ባይኖራትስ?” አለች። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው።

ባይኖራት ዛሬ ሕግ አለ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከተጠለፈች በኋላ ጋብቻ መፈጸሙ ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም፤ ደፍሯት ከሆነም በመድፈር ወንጀል ይጠየቃል። ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆነችን ልጅ መድፈር በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አንቀጽ 626 ነው። አካለ መጠን ካልደረሰች፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ውስጥ ካለች ልጅ ጋር የሚፈጸም ግንኙነት “ፈቅዳ ነው” ቢባልም ከ3 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። ያ የባጃጅ ሾፌር “ወዳኝ ነው” ማለቱ አይረዳውም። ልጅቷ በሥሩ የምትማር ከሆነች፣ ማለትም ሰውየው መምህሯ ከሆነ፣ ቅጣቱ ይከብዳል።

አንድ ክፍተት ግን አለ። ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት የሚደነግገው አንቀጽ 564 የሚናገረው ስለ ትዳር ጓደኛና ሳይጋቡ አብረው ስለሚኖሩ ሰዎች ነው፤ ተለያይተው የሚኖሩ የፍቅር ጓደኛሞችን በስም አይጠቅስም። በዚህ ምክንያት ይሁን በልማድ፣ “የልጆች የፍቅር ጠብ ነው፣ ሄዳችሁ ታረቁ” የሚባልበት ጊዜ አለ። ይህ ስሕተት ነው። ድብደባ በማንም ላይ ቢፈጸም ድብደባ ነው፤ ከአንቀጽ 553 እስከ 560 ያሉት የአካል ጉዳት ድንጋጌዎች የመታው ሰው ጓደኛዋ መሆን አለመሆኑን አይጠይቁም።

ፎቶውም ሕግ አለው። “ፎቶሽን እለቀዋለሁ” የሚለው ዛቻ እኔ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ አልነበረም፤ አሁን ከጠለፋው እኩል ይፈራል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በጽሑፍ፣ በቪዲዮ ወይም በምስል ማስፈራራትን ወንጀል አድርጎታል። የሰውን የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነት እየተከታተሉ ማስጨነቅንም ያው አንቀጽ ይከለክላል። የመክፈቻ ቁጥር ተቀብሎ ዕለት ዕለት የሚፈትሽ ልጅ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው። ልጅቷ ደግሞ እንዲህ ዓይነት መልእክት ሲደርሳት ተናዳም አፍራም እንዳታጠፋው፤ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ፎቶ አንሥታ ለምታምነው ሰው ትላክ። ማስረጃዋ እሱ ነው።

መለያየትን በተመለከተ ጠንከር አድርጌ የምናገረው ነገር አለ። የጥቃት አደጋ ከፍ የሚለው ልጅቷ “በቃኝ” ባለችበት ሰሞን ነው። በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በካሚላት መህዲ ፊት ላይ አሲድ የደፋው ሰው ለዓመታት ሲከታተላትና እምቢታዋን አልቀበልም ሲል የኖረ ነበር። እምቢታን መሸከም የማይችል ሰው እምቢ ሲባል ብቻዋን መገኘት የለባትም። ስለዚህ “ለመጨረሻ ጊዜ ክፍሌ መጥተሽ እንነጋገር” ሲላት አትሂድ። የሚነገረው በስልክ ይነገር፣ ወይም ሰው ባለበት፣ በጠራራ ፀሐይ። ከመናገሯ በፊት ቢያንስ አንድ አዋቂ ይወቅ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ እሑድ ደግሞ ከቤተሰብ ወደ ከተማ ብቻዋን አትጓዝ። እኛ ይህን በክበባችን በተራ እናደርገዋለን። በአንድ አቅጣጫ የሚመጡ ልጆች አንድ ቦታ ላይ ተጠባብቀው አብረው ይገባሉ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የማን ስንቅ ከበደ ተባብለው እርስ በርስ ይሸካከማሉ።

የከፋው ከደረሰና ልጅቷ ከተደፈረች ሰዓት ወሳኝ ነው። ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል። ያልተፈለገ እርግዝናን የሚከላከለው እስከ አምስት ቀን ድረስ ይሠራል፤ እሱም ቢሆን ቀኑ በገፋ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። ሰውነቷን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ሳታጥብ፣ ልብሱን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልላ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ትሂድ። ታጥባም ቢሆን፣ ቀኑ አልፎም ቢሆን ትሂድ፤ ሕክምናው ለማስረጃ ብቻ አይደለም። ከመድፈር የተነሣ ከፀነሰችም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ጽንሱ በሕክምና ተቋም እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ ለዚህ የራሷ ቃል በቂ ነው። ለመወሰን የምትችለው ግን አማራጩ መኖሩን የነገራት ሰው ካለ ነው። ከሕክምናው ቀጥሎ የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ አሉ።

ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ። የመሬት ጠብ፣ የደም ጠብ አብርደው አገር ያኖሩ ናቸው። የተደፈረችን ልጅ ጉዳይ ግን በካሣ መጨረስ የሽምግልና ሥራ አይደለም። የልጅቷ አባትና የልጁ አባት ሲታረቁ እሷ ከዕርቁ ቦታ የለችም። መስጊድ ውስጥ ኢማሙ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሱ ይህን ቢናገሩ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ይሰማል። ከለላ ሁለቱም የሚከበሩባት አገር ናት።

አከራዮችን እዚህ ላይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ምንም ሥልጠና ሳይሰጣቸው ብዙ ልጆችን ያተረፉ እናቶች አሉ። አንዷን አውቃለሁ፤ ግቢዋ ውስጥ ለተማሪዎች ክፍል ታከራያለች፤ ማታ ቡና ስታፈላ ሁሉንም ትጠራለች። ቡና ላይ ማን እንደቀረ ታውቃለች፣ የቀረችውን በማግስቱ ክፍሏ ሄዳ “እታለም፣ አሞሽ ነው?” ትላታለች። አትመረምርም፣ አትገሥጽም። ልጅቷ ዛሬ ባትናገር ከሳምንት በኋላ ትናገራለች። በአማራ ክልል ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. ሞሰቦ በምትባል ቀበሌ የተሞከረው “ብርሃን ሔዋን” የሚባል ፕሮግራም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ልጃገረዶች በቡድን፣ ከአንዲት አዋቂ ሴት ጋር በየጊዜው ይገናኙ ነበር፤ ለትምህርት ቁሳቁስ ድጋፍ ነበራቸው፤ ወላጆችም በየጊዜው እየተሰበሰቡ ይነጋገሩ ነበር፤ ሴት ልጁን ሳይድር ላቆየ ቤተሰብ ማበረታቻ ይሰጠው ነበር። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ጋብቻቸው ዘገየ፣ ትምህርት ላይም ቆዩ። የዚያ ፕሮግራም ዓላማ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ማስቀረት ነበር፤ እኔ ግን ከእሱ የወሰድኩት አዋቂ ሴት በአጠገባቸው መኖሯን ነው።

ወንዶቹ ልጆችም ተማሪዎቼ ናቸው። ከመካከላቸው በሴት ጓደኛቸው የሚሰደቡ፣ የሚመቱ፣ ስልካቸው የሚፈተሽ አሉ፤ ወንድ ሆኖ ይህን መናገር እንዴት እንደሚከብድ መገመት ይቻላል፤ እነሱንም ሳልስቅ እሰማለሁ። ሴት ጓደኛቸውን የሚመቱትን ደግሞ አውሬ አድርጌ አላያቸውም። ብዙዎቹ ቅናት የፍቅር ማረጋገጫ እንደሆነ፣ እምቢታ ደግሞ ማሽኮርመም እንደሆነ እየተነገራቸው ያደጉ ናቸው። አንዳንዱ “ቲቸር፣ ካልተቆጣኋት አልወዳትም ማለት አይደለም እንዴ?” ብሎ ከልቡ ይጠይቀኛል። ከልቡ የጠየቀ ልጅ ይመለሳል። በክፍል ውስጥ ጓደኛው ሲፎክር የማይስቅ አንድ ወንድ ልጅ መኖሩ ከእኔ ብዙ ክፍለ ጊዜ ይበልጣል፤ የድሮዎቹ እኩዮች ይሠሩት የነበረው ይህን ነበርና።

የወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን ጉዳይ ሳነሣ መጀመሪያ ዝምታ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከቆላው ቀበሌ የመጡ አባት ተነሥተው “ታዲያ መምህርት፣ ስልኩን ልቀማት?” አሉኝ። አይቀሟት፣ አልኳቸው፤ ስልኩ ከተቀማ የሚቀረው ልጁ ብቻ ነው፣ እርስዎ ዘንድ የምትደውልበት ግን ያጥራታል። “ወንድሟን ልላክባት?” አሉ። አይላኩ፣ ካወቀች የምትናገረው ነገር አይኖርም አልኩ። “ከአንድ ሴት ዘመድ ቤት ትኑር?” አሉ። ይህ ጥሩ ነው፣ ካለ። ትንሽ ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “እሺ ምን ልበላት?” አሉኝ። ቤቱ ሁሉ መልሱን ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ከመመለስዎ በፊት ክፍሏ ሄደው ይህን ይንገሯት አልኳቸው፦ “ልጄ፣ ማንም ሰው ቢመታሽ ወይም ቢያስፈራራሽ ለእኔ ወይም ለእናትሽ ንገሪን። አልመታሽም። ወንድምሽን አልክም። ከትምህርትሽም አላስወጣሽም። መምህርትሽ ዘንድ አብረን እንሄዳለን።” እሳቸው ብዕር ይዘው አልመጡም ነበር፤ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው በደብተሩ ጀርባ ጽፎላቸው ወረቀቱን ቀድዶ ሰጣቸው።